ከቅጥር ባለሙያነት ወደ ሲኒየርነት፦ መንገድ ላይ የሚያስቀሩ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሥሪያ ቤታችን ለሲኒየር የቅጥር ባለሙያ መደብ የውስጥ ማስታወቂያ አወጣ። ተወዳደርኩ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ሌላ ማን ሊያገኘው ይችላል ብዬ ነበር። በአንድ ዓመት 41 ሰው አስቀጥሬያለሁ። ኤክሴሌን አሳምሬ፣ ቁጥሩን በአረንጓዴ ቀለም አድምቄ ገባሁ።

ከጠያቂዎቹ ፓነል አንዱ ጸጉራቸው የሸበተ የኦፕሬሽን ኃላፊ ነበሩ። ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ጎበዝ ነሽ። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ እዚህ ግቢ ያሉት ስንት ናቸው?» አሉኝ።

አላውቅም። ግምት እንኳ አልነበረኝም። መደቡን ሌላ ሰው ወሰደው። እኔም ሁለት ሳምንት አኩርፌ ከረምኩ።

ኩርፊያው ሲበርድልኝ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ሁሉንም ማለት ይቻላል ሠርቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹን ደግሞ አሁን አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ሲሠሩ አያለሁ።

ያስገቡትን ቆጥሮ የቆዩትን አለመቁጠር

ጀማሪ ሳለን ሥራችን ሰውየው ውል የፈረመ ቀን ያበቃል። ፋይሉ ይዘጋል፣ ቀጣዩ መደብ ይከፈታል። አለቆቻችንም «ስንት መደብ ተሞላ?» ብለው ስለሚጠይቁ ይሄንኑ እንለምዳለን።

ከዚያ ኢንተርቪው በኋላ ኤክሴሌ ላይ አራት ዓምድ ጨመርኩ። በ3 ወር አለ ወይ? በ6 ወርስ? በዓመቱስ? ከሄደ ለምን ሄደ? የመጨረሻውን ለመሙላት የለቀቁትን ሰዎች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ያሳፍራል፣ ግን ያስተምራል። ካስቀጠርኳቸው የሽያጭ ሠራተኞች አምስቱ የሙከራ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ነበር የሄዱት። ሁሉም አንድ ነገር ነገሩኝ፦ በወር ግማሹን ቀን ክልል እንደሚያድሩ ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገራቸውም። ማስታወቂያው ላይ ግን ነበር። ከታች፣ በመጨረሻው መስመር፣ «ለመስክ ሥራ ፈቃደኛ የሆነ» ይላል። የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ የሽያጭ ኢንተርቪው የምጀምረው ከመስኩ ነው። ሦስት አራት ሰው ወዲያው ይቀራል። ይቅር።

«ሰው ፈልጊልኝ» ሲባል መሮጥ

በእኔ ግምት ብዙ ባለሙያ ለዓመታት ባለበት የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

የክፍል ኃላፊው ኮሪደር ላይ ያገኝሻል። «አንድ ሰው ፈልጊልኝ፣ ዲግሪ ያለው፣ 5 ዓመት ልምድ፣ ቶሎ።» አንቺም የአምናውን ማስታወቂያ ከፍተሽ፣ ቀኑን ቀይረሽ ኢትዮጆብስና ቴሌግራም ላይ ትለጥፊያለሽ። ሲቪ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ለማጣራት ሳምንት ይፈጃል። አምስት ሰው ይቀርባል። ኃላፊው አምስቱንም ያይና «አይ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበረም የፈለግኩት» ይላል። ታዲያ ምን ዓይነት ነበር? ማንም አልጠየቀውም።

አንድ ጊዜ ቃሊቲ ላለ መጋዘን ኃላፊ ስንፈልግ የሥራ መዘርዝሩ ማስተርስ ይላል። ሁለት ዙር ማስታወቂያ ወጣ፣ የተቀጠሩት ሁለቱም አልበረከቱም። በሦስተኛው ዙር ማስታወቂያ ከማውጣቴ በፊት ራሴ ቃሊቲ ሄጄ ግማሽ ቀን ዋልኩ። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት ሲመሽ ይገባል። ሹፌሮቹ ደክሟቸዋል፣ ቶሎ አራግፈው መሄድ ይፈልጋሉ። የቀን ሠራተኞቹ ሒሳባቸውን ይጠይቃሉ። ሰነዱና ዕቃው አይመሳከርም። እዚያ የሚያስፈልገው በሌሊት ተነስቶ የሚመጣ፣ ሳይጮህ የሚደመጥ፣ ቆጠራ የማይሰለቸው ሰው ነው። ማስተርሱን ማን እንዳስገባው እስከ ዛሬ አልታወቀም። መስፈርቱን ወደ ዲፕሎማ አወረድነው፤ መርካቶ ዕቃ ሲያራግፍና ሲቆጥር ዓመታት የቆየ ሰው ቀጠርን።

አሁን ማንኛውም ኃላፊ ሰው ሲጠይቀኝ ግማሽ ሰዓት ቁጭ እንዲልልኝ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኛል ካለኝ ማስታወቂያውም ይቆያል። የምጠይቀው ቀላል ነው። ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን ሠርቶ ማየት ትፈልጋለህ? ያለፈው ሰው ለምን ሄደ? ከመስፈርቶቹ ውስጥ አንዱን ጣል ብትባል የቱን ትጥላለህ? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ዋናው ወሬ ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ ላይ አንዳንዱ ኃላፊ «ይቺ ደግሞ ምን ታደርቀኛለች» ይላል። ሁለተኛ ጊዜ ሰው ሲፈልግ ግን ራሱ ቢሮሽ ይመጣል።

«አንድ ልጅ አለች…»

ስልኩ ሁሌ የሚደወለው ሾርትሊስቱ፣ ማለትም ለፈተና የሚጠሩት ስም ዝርዝር፣ ሊወጣ ሲል ነው። «አንድ ልጅ አለች፣ ጎበዝ ናት፣ እስቲ እያት።» ደዋዩ አለቃ ነው፣ ወይም የአለቃ ወዳጅ፣ ወይም የገዛ አጎትሽ።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አይቻለሁ። አንደኛው ይሉኝታ ይዞት ልጅቷን ያስገባል። ከዚያ በኋላ ማንም አያምነውም፣ ያስደወለው ሰው እንኳ። ሁለተኛው «እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አልሠራም!» ብሎ ይደነፋል። ይሄም አያዋጣም። ጠላት ያፈራል፤ ደግሞ ልጅቷ እውነት ጎበዝ ልትሆን ትችላለች። መጠቆም ነውር አይደለም። ነውሩ ጥቆማው ውጤት ሲሆን ነው።

የኔ መልስ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተገኘ ነው፦ «እሺ ጋሼ፣ ሲቪዋን ይላኩልኝ። መስፈርቱን ካሟላች ሐሙስ 3 ሰዓት ከሌሎቹ ጋር ትፈተናለች።» በቃ። የማንም ፊት አልተመለሰ፣ የተሰጠም ቃል የለም። ይሄ መልስ የሚሠራው ግን ፈተናው እውነተኛ ከሆነ ነው። የፈተና ወረቀት ላይ ስም አይጻፍም፣ ኮድ ብቻ። ሁለት ሰው ለየብቻ ያርማል። የኢንተርቪው ነጥብ ደግሞ ውይይት ሳይጀመር ይሞላል፣ በእስክሪብቶ። ይሄን የምለው ነጥብ በእርሳስ የሚሞላ ፓነል ውስጥ ስለተቀመጥኩ ነው። ሰብሳቢው ተናግሮ ሲጨርስ ላጲሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። እኔም ተቀብያለሁ።

ሲኒየር ለመሆን ስትታጪ አለቆች በሆዳቸው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሲጫኗት ትሰበራለች?» መልሱን ለዓመታት በትንንሽ ስልኮች ስትሰጪ ነው የኖርሽው።

ሕጉን ለሕግ ክፍል መተው

«ለዚህ ሕግ ክፍል አለ» የሚል ባለሙያ አውቃለሁ። ሕግ ክፍል የሚጠራው ግን ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ለምሳሌ የሙከራ ጊዜን እንውሰድ። በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። የሥራ ቀናት የሚለውን ልብ በሉ። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ድርጅት 12 ሳምንት ነው፣ በዓል ካለ ደግሞ ይጨምራል። ከቀጠርኩት ሰው ኃላፊ ጋር በ30ኛውና በ50ኛው የሥራ ቀን እነጋገራለሁ። 59ኛው ቀን ላይ «ይሄ ልጅ አልሆነኝም» ብሎ የሚሮጥ ኃላፊ እንዳይኖር ነው።

ማስታወቂያዎቻችን ደግሞ ጉድ ናቸው። «ጾታ ሴት፣ ዕድሜ ከ28 ያልበለጠ፣ መልከ መልካም።» አዋጁ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በአካል ጉዳት እና በመሳሰሉት ማበላለጥን ይከለክላል። በሌላ በኩል ሴት ተወዳዳሪ ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ይሰጣታል። ይሄንን ስንቱ ፓነል ያውቃል? የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት አዋጅ 568/2000 ደግሞ ለብቻው አለ። ፈተናችሁ በሦስተኛ ፎቅ ከሆነና ሊፍት ከሌለ፣ ዊልቸር የሚጠቀመው አመልካች ሳይፈተን ወድቋል ማለት ነው።

የሰው ሲቪ፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ በቴሌግራም ግሩፕ ማዞርም ይቁም። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ደመወዝ ላይ ገበያውን አለማወቅ

አመልካች «ኔት ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እኛ ያልተጣራውን እንነግረዋለን። 30,000 ብር ብለሽ ትደውያለሽ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር 8,450 ብር ይሄዳል፣ 7 በመቶ ጡረታ 2,100 ብር። እጁ የሚገባው 19,450 ነው። ይሄን መጀመሪያ ካልነገርሽው በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ራሱ ያሰላዋል። ያኔ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚከፈለውና በብር የሚከፈለው ሠራተኛ ልዩነት ሰፋ። በ2017 ደግሞ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ብዙ የኤንጂኦ ባለሙያ ሥራ ፈላጊ ሆነ። የተገኙት ሰዎች በሲቪ ከኃላፊዎቻችን የሚበልጡ ነበሩ። በግማሽ ደመወዝ የገባ ሁሉ ግን ይቆያል ማለት አይደለም። ጀማሪው «ዕድል ነው፣ እንውሰዳቸው» ይላል። ሲኒየሩ ፋይናንስ ቢሮ ገብቶ «ይሄን ሰው በዚህ ዋጋ ለአንድ ዓመት ነው የምናገኘው፤ በዓመቱ ምን እናደርጋለን?» ብሎ ይጠይቃል።

«እንደውልልሃለን» ብሎ መጥፋት

አጭር ነው። አዲስ አበባ ትንሽ ከተማ ናት። መልስ ሳልሰጠው የቀረሁት አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ድርጅት ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጨዋ ነበር፣ አላነሳብኝም። እኔ ግን ላቤ ሲወርድ ትዝ ይለኛል። «አላለፍክም» የሚል ኤስኤምኤስ መላክ አንድ ደቂቃ ነው።

ማዕረጉ በዓመት ብዛት ይመጣል ብሎ መቀመጥ

ሰባት ዓመት መሥራትና አንድን ዓመት ሰባት ጊዜ መድገም ይለያያሉ። ሰርተፍኬት መሰብሰብም ለብቻው አያደርስም። እኔ ራሴ ሁለት አለኝ፣ ግድግዳ ላይ ጥሩ ይታያሉ።

አለቃችሁን በቀጥታ ጠይቁ፦ «ለዚያ መደብ ምን ይጎድለኛል?» ይሉኝታ ይዞኝ ለአራት ዓመት አልጠየቅኩም። ሌላው ደግሞ የሚተካችሁን ሰው አሠልጥኑ። የኢንተርቪው ጥያቄዎቹን በፍላሽ ቆልፎ የሚይዝ ባልደረባ ነበረኝ። ያለ እሱ ሥራው አይሄድም ነበር፤ እውነት ነው። ስለዚህ ከዚያ ወንበር አላነሱትም።

ሁለተኛ ስወዳደር ፓነሉ ላይ እኒያው የኦፕሬሽን ኃላፊ ነበሩ። ገና ሳይጠይቁኝ «በዚህ ዓመት ያስቀጠርኳቸው 33 ናቸው፣ 27ቱ አሉ» አልኩ። ፈገግ አሉ። «የሄዱት ስድስቱስ? ስንቱ ላይ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ?»

«ሁለቱ ላይ።»

«እስቲ ስለ ሁለቱ ንገሪኝ» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። የተመደበልኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ነበር። ስወጣ ቀጣዩ ተወዳዳሪ ኮሪደሩ ላይ ሰዓቱን ያያል።