ኳንተምን በሻማ መጀመር

ኳንተም ኮምፒውቲንግ የገባኝ ሐዋሳ፣ መብራት የጠፋ ምሽት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ሽሮዲንገር የሚባል ፊዚሲስት በሐሳቡ ሳጥን ውስጥ የዘጋባት ድመት ሞታለች፣ አልሞተችም ይላሉ። ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። ላፕቶፑ ባትሪ ሲጨርስ ሻማና የሂሳብ ደብተር ብቻ ቀረኝ። የሐይቁ ዳር ትንኝም አለች፣ ከተቆጠረች። እናንተም ፊዚክሱን ለጊዜው ተዉትና እስክሪብቶ ያዙ።

ኪውቢት፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ አሃድ፣ ወረቀት ላይ ቬክተር ነው፤ ላይና ታች የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች። የላይኛው የ0፣ የታችኛው የ1። 0.6 እና 0.8 ጻፉ። ስኩዌር ስታደርጓቸው 0.36 እና 0.64፣ ድምሩ 1። ስትለኩት 0 የመውጣት ዕድሉ 36 በመቶ፣ 1 የመውጣቱ 64 በመቶ ነው። እኔ ስኩዌሩን ረስቼ 140 በመቶ አግኝቼ አውቃለሁ።

ቀጥሎ ማትሪክስ፤ ኪውቢቱን የሚቀይረው እሱ ነው። የፕሪፓራቶሪው ይበቃል፤ ሁለት በሁለት እያባዛችሁ እጃችሁን አሟሹ። ሃዳማርድ የሚባለውን ውሰዱ፦ ላይኛው ረድፍ 1 እና 1፣ ታችኛው 1 እና −1፣ ሁሉም ለስኩዌር ሩት 2 ተካፍሎ። በእሱ ላይ 1፣ ታች 0 የተጻፈበትን ቬክተር አባዙ። ሁለቱም ቦታ 0.707 ገደማ ይመጣል። ስኩዌሩ ግማሽ በግማሽ፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር እንደማለት።

አሁን ውጤቱን በዚያው ማትሪክስ ድገሙት። ሳንቲም ሁለቴ ብትወረውሩ ያው ግማሽ በግማሽ ነው። እዚህ ግን ላይ 0.5 + 0.5 = 1፣ ታች 0.5 − 0.5 = 0። ኪውቢቱ ወደነበረበት ተመለሰ! ጉዱ ሁሉ ያቺ የመቀነስ ምልክት ናት። ፕሮባቢሊቲ ከዜሮ በታች አይወርድም፤ ከስኩዌር በፊት ያለው ቁጥር ግን ይወርዳል፣ ስለዚህ ይጣፋል። አላምን ብዬ ሦስቴ ሠራሁት።

ኮምፕሌክስ ቁጥርም ትንሽ ያስፈልጋል። "አይ" የምትባለው ቁጥር ስኩዌሯ −1 ነው፤ ለዕድል ስሌት ግን የሚወሰደው የርዝመቱ ስኩዌር ስለሆነ 0.8 አይም ያው 0.64 ይሰጣል። በኳንተም መጻሕፍት የምታዩት ያ የሚያስፈራው የማዕዘን ቅንፍ፣ |0⟩ ዓይነቱ፣ ዲራክ የሚባል ፊዚሲስት በ1939 ያመጣው የቬክተር አጻጻፍ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ካልኩለስ ለጅምሩ ይቆይ።

ኪውቢት በጨመራችሁ ቁጥር ቬክተሩ እጥፍ ይሆናል፦ 2 ሲሆኑ 4 ቁጥር፣ 10 ሲሆኑ 1024። ከ2 በላይ በእጅ አትድከሙ፣ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አለላችሁ። እኔም መብራት ሲመጣ የሻማውን ስሌት በፓይተን ሞከርኩት። 1 ይላል ስል 0.99999 ምናምን አለኝ። አትደንግጡ፣ ኮምፒውተሩ ስኩዌር ሩት 2ን ስለሚያጠጋጋ ነው።