ውጤት ዝቅተኛ ሲሆን በገጠር ወረዳ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ውጤቱ በተነገረ ሰሞን በየወረዳው ስብሰባ ይጠራል፤ ወሬው ሁሉ ግን ስለ 12ኛ ክፍል ነው።

ትልቁ ስህተት ይኸው ከጅራቱ መጀመር ነው። ልምድ ያለው መምህር ፈተና ወዳለበት ክፍል ይመደባል፤ አንደኛ ክፍል ለአዲስ ገቢው ይተዋል። በሱፐርቫይዘርነት ስሠራ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ጣቱን በመስመሩ ላይ እየሳበ ገጹን ሳይደናቀፍ ወረደው። ከመካከል «ወንዝ» የሚለውን ቃል አመልክቼ «ይህስ?» ስለው ዝም አለ፤ ከዚያ ከገጹ አናት ጀምሮ በለሆሳስ እያነበነበ መጣና እዚያ ሲደርስ «ወንዝ!» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሙሉ ገጽ በቃል መያዝ ቀላል አይደለም። ማንበብ ግን አይችልም፤ ስልሳ ልጅ የያዘው መምህሩም ይህን አላወቀም። ያ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ አብዛኛው መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። በየጥቅምቱ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አቅርቦ አይቶት የማያውቀውን አንድ አንቀጽ ማስነበብ ከጥቂት ቀናት ድካም በቀር ወጪ የለውም።

ሮስተርን፣ ማለትም የክፍሉን ውጤት ማጠቃለያ ሠንጠረዥ፣ ማመን ሌላው ነው። የክፍሉ አማካይ 78 ሆኖ ከመካከላቸው ደብዳቤ የሚጽፍ ከጠፋ፣ የተመዘነው ደብተር መያዛቸው ነው። መምህሩን ብቻ አልወቅስም፤ ብዙ ተማሪ ከጣለ በግምገማ የሚጠየቀው እርሱ ነውና።

በትንሽ ቁጥር መፎከርም አለ። አርባ ተፈታኝ ባለበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ 2.5 በመቶ ነው። አምና አንድ፣ ዘንድሮ ሦስት ቢያልፉ «ውጤታችን በሦስት እጥፍ አደገ» ተብሎ ርዕሰ መምህሩ ይሸለማል፤ በዓመቱ ወደ አንድ ሲመለስ ይነሳል። የአራት ዓመቱን አንድ ላይ ደምሮ ማየት ሁለቱንም ያስቀራል።

ሚያዝያ ላይ የሚጀመረው ማጠናከሪያ ትምህርት የድሮ ፈተና መልስ ማስሸምደድ ከሆነ ቅዳሜያቸውን ለከብቶቹ ብንተውላቸው ይሻላል።

በመጨረሻም ከቃለ ጉባኤ የማትጠፋዋ «ወላጅ ግንዛቤ የለውም» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር አለች። እናትየዋ ግንዛቤ አላት፤ የገበያ ቀን ጥጃ የሚጠብቅላት ግን የላትም። ገበያው ማክሰኞ ከሆነ የማክሰኞን የቀሪ መዝገብ ከሰኞው ጎን አስቀምጡት። ከዚያ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን አውጡና ሒሳብ ስንት ጊዜ ማክሰኞ ላይ እንደተመደበ ቁጠሩ።