ስልክ ቁጥር ኤክሴል ላይ ከመጻፍዎ በፊት

0911 ብለው የጀመሩት ስልክ ቁጥር ኤንተር ሲጫኑ 911 ሆኖ ቁጭ ይላል። ኤክሴል ቁጥር ሲያይ የሚደመር ስለሚመስለው ከፊት ያለችውን ዜሮ ትርፍ ነች ብሎ ይጥላታል።

መፍትሔው ከመጻፍ በፊት ነው። የዓምዱን ራስ ጠቅ አድርገው ሙሉውን ይምረጡ፤ ኮንትሮልን ከ1 ጋር ይጫኑ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ቴክስት የሚለውን ይምረጡ። ለአንድ ለሁለት ቁጥር ብቻ ከሆነ ከፊቱ ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ (') ማስቀደም ይበቃል፤ ምልክቷ ሳጥኑ ውስጥ አትታይም።

ዜሮው ከጠፋ በኋላ ከሆነ የነቁት፣ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ከስተም የሚለውን ይዘው አሥር ዜሮዎች ይጻፉ፦ 0000000000። የተዘለለችው ዜሮ ተመልሳ ትታያለች። ለዓይን ብቻ ነው እንጂ ውስጡ ያለው ቁጥር ያው ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ ለማተም ግን ይበቃል።

የባሰው ረዥም ቁጥር ነው። 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ 1E+12 ሆኖ ቢያስደነግጥዎ ቁጥሩ አልጠፋም፣ አጻጻፉ ነው የተለወጠው። ከ15 አሃዝ በላይ ሲሆን ግን ኤክሴል ትርፉን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል፤ ዓምዱን በኋላ ቴክስት ቢያደርጉትም አይመለስም። የፋይዳ ካርድ ላይ ያለው ባለ 16 አሃዝ ቁጥር የመጨረሻዋን አሃዝ የሚያጣው እንዲህ ነው። እኔ የደረስኩበት ሁለት መቶ ያህል ሰው መዝግቤ፣ ሁሉም ቁጥር በዜሮ ማለቁን ሳይ ነበር። መዝገቡን እንደገና ከካርዶቹ ላይ ጻፍኩት።