«ዝም ብለህ ንቀልልኝ» እና ሌሎች የጥርስ ስህተቶች

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ሰኞ ጠዋት ወረፋው የሚረዝመው ቅዳሜና እሑድን እንቅልፍ አጥተው ባደሩ ሰዎች ነው። ጉንጫቸውን ይዘው ይገባሉ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ ዝም ብለህ ንቀልልኝ» ይላሉ። ጥርስ ይቦረሻል፣ ከረሜላ ይቀነሳል የሚለውን ሁላችሁም ስለምታውቁት እዘለዋለሁ። የምጽፈው ደጋግሜ እያየሁ ስለሰለቹኝ ስህተቶች ነው።

ሕመሙ ሲቆም «ዳንኩ» ማለት

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ታሪኩ አይለወጥም። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጠዝጠዝ ይላል። ቀጥሎ ማታ ማታ ይነሳል። ሳምንት ሙሉ ያንገላታል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጸጥ ይላል። ሰውየው «ተመስገን፣ ተወኝ» ብሎ ቀጠሮውን ይሰርዛል።

አልተወህም ወንድሜ። ነርቩ ሞቶ ነው።

የጥርስ የላይኛው ሽፋን ነርቭ የለውም። ስለዚህ ጉድጓዱ ገና ሽፋኑ ላይ እያለ ምንም አይሰማም። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ማመም ይጀምራል። ነርቩ ጋ ሲደርስ እንቅልፍ ይነሳል። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ይቆማል፤ ባክቴሪያው ግን በሥሩ ጫፍ ወጥቶ አጥንቱን ይበላል። «ሳያመኝ ምን ልሠራ ልሂድ?» ለሚሉኝ መልሴ ይሄው ነው። ባላመመበት ጊዜ ከመጣችሁ በሙሌት ያልቃል። ነርቩ ከተነካ በኋላ የሥር ሕክምናና ክዳን ይመጣል። ከዚያም ካለፈ መንቀልና በቦታው ሰው ሠራሽ ጥርስ መተካት ነው። የጥርስ ሐኪም ውድ ነው ብለው የሚያማርሩኝ ብዙዎቹ የሚከፍሉት የዚህን የመጨረሻውን ሒሳብ ነው። ለአብዛኛው ሰው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ መታየት ይበቃል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ስለሚጎዳ ቶሎ ቶሎ ይምጣ።

አንድ የታክሲ ረዳት ትዝ ይለኛል። ጥርሱ «ትቶት» ከርሟል። ሲመጣ ከአገጩ ሥር አብጦ አንገቱ ጠንክሯል፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ፎጣ ይዟል። «ክኒን እየወሰድኩ ነው፣ እስከ ነገ ይሻለኛል» ይለኛል! እዚያው መኪና አስጠርተን ሆስፒታል ላክነው። እንዲህ ያለ እብጠት የመተንፈሻውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። አፍ አልከፈት ካለ፣ መዋጥ ካቃተ ወይም እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

በአሞክሳሲሊን ጥርስ ለማዳን መሞከር

ነርቩ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው። እብጠቱን ለጊዜው ያስታግሥ ይሆናል፤ የበሽታው ምንጭ ግን ጥርሱ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። ጓደኛችሁ ሳይጨርስ ያስተረፈውን ክኒን መውሰድማ ባልናገረው ይሻላል።

ቅርንፉድን አልቃወምም፣ ለአንድ ሌሊት ያደነዝዛል። ነጭ ሽንኩርትና አስፕሪን ግን ድድ ላይ አታስቀምጡ፤ ያቃጥላሉ። አረቄውንም ለእንግዳ ተዉት።

የስድስት ዓመቱን መንጋጋ የወተት ጥርስ ማድረግ

ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ አራት አዲስ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጡ ወላጅ ልብ አይላቸውም። እነዚህ ቋሚ ናቸው።

አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «ይነቀልለት ዶክተር፣ ሌላ ይበቅልለታል» አለችኝ። ኤክስሬዩን አሳየኋት። ከሥሩ ተራ የሚጠብቅ ጥርስ የለም። ደጋግማ አየችውና «ማንም አልነገረኝም እኮ» አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ አሁን ለእናንተ እየነገርኳችሁ ነው። ዛሬውኑ የልጃችሁን አፍ አስከፍታችሁ ከኋላ ያሉትን እዩ።

የወተት ጥርስም ቢሆን «ይወልቃል» ተብሎ አይተውም። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ያገለግላሉ። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ጎረቤቶቻቸው ተጠግተው ቦታውን ይይዙታል፣ ቋሚው ጥርስ ተጣሞ ይበቅላል።

ሕፃን አተኮሰው፣ አስቀመጠው ተብሎ ድዱን ሰንጥቆ ግግ ማስወጣት ደግሞ ስህተት ብቻ አይደለም፣ ጉዳት ነው። ተጎልጉሎ ወጥቶ «ትል» ተብሎ የሚታየው ነጭ ነገር ገና ያልበቀለው የልጁ ጥርስ ነው። ተቅማጥ ያለበትን ልጅ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ድድ ስለደማ መቦረሽ ማቆም

የሚደማው ሥሩ የተጠራቀመ ቆሻሻ ስላለ ነው። ስታቆሙ ይብሳል። ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ቀጥሉ፣ ከዚያ መጥታችሁ አሳጥቡ። «ጥርስ ማሳጠብ ያነቃንቃል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ለዓመታት የተጋገረው ሲነሳ ክፍተቱ ይታያል፣ ቀድሞም ላልቶ የነበረው ጥርስ መላላቱ ይታወቃል። ያላላው ግን ድንጋይ ሆኖ የከረመው ቆሻሻ ነው። ነፍሰ ጡሮች ድዳቸው ቶሎ ይደማል። «ከወለድኩ በኋላ» ብለው አይጠብቁ፤ በተለይ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ለሕክምና ይመቻል።

ስኳሩን መቁጠር፣ ሰዓቱን አለመቁጠር

ሰው ማኪያቶው ላይ ስንት ማንኪያ እንደጨመረ ይጨነቃል። ጥርስን የሚጎዳው ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ነው። ጣፋጭ በቀመሳችሁ ቁጥር ባክቴሪያው አሲድ ይሠራል፤ ምራቅ ያንን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ባለው መጨናነቅ አንድ ለስላሳ በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ ሹፌር፣ በአንድ ትንፋሽ ከሚጨርሰው ይልቅ ጥርሱን ይጎዳል። ጫትን በስኳር ወይም በለስላሳ ስለሚያጣጥሙት አላወራም፣ ራሳቸው ያውቁታል።

በሎሚ ጥርስ ማንጣት? ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን እዚያው ተዉት። አሲዱ ሽፋኑን ይበላዋል፣ ሽፋኑ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ፍሎራይድን መሸሽ

ወንጂ፣ መተሐራ ወይም ዝዋይ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ፣ በልኩ ሲሆን የጥርስን ሽፋን የሚያጠነክረው ማዕድን፣ ስለሚበዛ ጥርሱ ገና ሲሠራ የተነካ ነው። ቆሻሻ አይደለም። በመፈግፈግ አይለቅም፣ በእሱም ማሾፍ ነውር ነው። ሕክምና አለው። ችግሩ ይህን የሰማ የአዲስ አበባ ሰው ፍሎራይድ የሌለው የጥርስ ሳሙና እየፈለገ መግዛቱ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የምንጠጣው ውሃ እንደዚያ አይደለም። እኛ ፍሎራይዱ ያስፈልገናል። ለልጅ ብቻ መጠኑን አሳንሱ። ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የሚያክል ይበቃል። ቦርሻችሁ ስትጨርሱ ትፉት፣ በውሃ አትጉመጥመጡ።

የወይራ መፋቂያ ወዳጅ ነኝ። ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ጥረጉበት እንጂ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ አትሂዱበት፣ ድድ ይሸሻል። ማታ ግን ብሩሽና ሳሙና ይግቡ። ስትተኙ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው አይታለፍም፣ በጾምም ቢሆን።

በሽታን መደበቅ

የልብ በር ችግር፣ ደም ማቅጠኛ፣ ስኳር፣ ግፊት። መርፌውን ከማንሳቴ በፊት ንገሩኝ። ከነቀልኩላችሁ በኋላ ደግሞ 24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ አታጭሱ። ቁስሉን የሚሸፍነው የረጋው ደም ነው፣ እንዳይነሳ።

የወለቀ ጥርስ በሶፍት ጠቅልሎ መምጣት

ኳስ ሲጫወት ወድቆ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ የወለቀ ልጅ፣ ጥርሱ ሊተርፍለት ይችላል። ሥሩን አትንኩት፣ አትፈትጉት። አፍ ውስጥ ይታይ በነበረው በኩል ይዛችሁ ለአፍታ በውሃ አለቅልቁትና ወደ ቦታው መልሱት። ካልሆነላችሁ ወተት ውስጥ ክተቱት፤ ወተት ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ድረሱ። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አትመልሱት፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል።