«ንግርት» የሚለውን ቃል የት ነው የምንጠቀመው?

አሁን አሁን ስለ መጪው ጊዜ የተነገረው ሁሉ «ንግርት» እየተባለ ነው። ባለሙያ የገመተውም ንግርት፣ ተናዶ የዛተውም ንግርት። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ቃሉ እኮ የራሱ ቦታ አለው፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚተካው የለም።

መጀመሪያ ዘመዶቹን እንለይ። መረጃ ታይቶ «ነገ ይዘንባል» ከተባለ ትንበያ ነው። ክፉ ነገር የሚጠራ የሚመስል አነጋገር ሟርት ነው፤ «አታሟርትብኝ» የምንለው ለዚህ ነው። ትንቢት ለንግርት በጣም ይቀርባል፣ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባም ስሕተት ነው አልልም። ግን ትንቢት ስንል ብዙ ጊዜ ከኋላው ነቢይ አለ፤ ትንቢተ ኢሳይያስ፣ ትንቢተ ኤርምያስ እንደምንለው። ንግርት ስንል ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ በአፍ የወረደ፣ መጀመሪያ ማን እንዳለው ብዙም የማይጠየቅ፣ ፍቺውም ገና ተጠቅልሎ ያለ ነገር ነው የሚታየን።

መጠቅለሉ ዋናው ነው። ለማሳያ አንድ እኔው ላብጅ፦ «ወንዙ ሲጎድል ድልድዩ ይሰበራል።» መቼ? አልተባለም። የትኛው ወንዝ? አልተባለም። አንዱ ስለ ድርቅ ነው ይላል፣ ሌላው ወንዙን ሕዝብ፣ ድልድዩን አስታራቂ ሽማግሌ አድርጎ ይፈታዋል፣ ሁለቱም ደግሞ ከቃሉ አልወጡም። አሁን «በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ስለሚቀንስ ወንዙ ይጎድላል» በሉት። በቃ፣ ትንበያ ሆነ። ስለዚህ የያዛችሁት አነጋገር ቀንና ቦታ ቆርጦ ከተናገረ፣ ንግርት ከማለታችሁ በፊት ቆም በሉ።

ቀጥሎ ግሡን ምረጡ። ብዙ ጸሐፊ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ንግርት አለ»፣ «ንግርት ነበር» ማለት ምንም ችግር የለውም። «ንግርቱ ደረሰ» ወይም «ተፈጸመ» ካላችሁ ግን እውነት ሆኗል ብላችሁ ፈረዳችሁ። የዐፄ ቴዎድሮስን ነገር ውሰዱ። ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በፍትሕ ይገዛል የሚለው ነገር ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ተጽፏል፣ በዘመነ መሳፍንት የተማረረ ሰውም ያንን ንጉሥ ይጠብቅ ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ይሄንኑ ስም ያዘ። ታዲያ ንግርቱ ደረሰ ወይስ ካሣ ወደ ንግርቱ ሄደ? እኔ ብጽፈው «ንግርት ያለበትን ስም ይዞ ነገሠ» እላለሁ። «ደረሰ» ማለት ካስፈለገም «ደረሰ ተባለ» ይሻላል፤ ያኔ አባባሉ የተናጋሪዎቹ እንጂ የእናንተ አይሆንም።

«ትንቢት ይቀድሞ ለነገር» ይባላል፤ ትንቢት ነገሩን ይቀድመዋል ማለት ነው። ይሄ ለንግርትም ይሠራል። ነገሩ ከሆነ በኋላ ብቻ የተሰማ «ንግርት» ካጋጠማችሁ ቃሉን አትስጡት። ስለ መጪው ጊዜ በግጥም ተናግረዋል የሚባሉት የወሎው ሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥሞች ላይ ይሄ ጥንቃቄ በጣም ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በቃል ሲወርዱ የኖሩ ስንኞች ናቸው፣ ትልቅ ነገር በሆነ ቁጥር ደግሞ «ሼሁ እኮ ብለውት ነበር» የሚል አይጠፋም። ከነገሩ በፊት ያንን ስንኝ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ታላላቆችን ጠይቁ፤ እነሱ ስንኙን ከነዜማው ያስታውሱታል።

ንግርት ስትጽፉም ቃሉን እንደሰማችሁት አስቀምጡት፣ ፍቺውን ደግሞ ለብቻው፣ «እገሌ እንዲህ ይፈታዋል» ብላችሁ። ሁለት ሰው ለየት አድርጎ ከነገራችሁ ሁለቱንም ጻፉ። እባካችሁ ቃላቱን አታስተካክሉ፤ ትርጉም የለሽ የመሰላችሁ ቃል ፍቺው የተቋጠረበት ሊሆን ይችላል።