ለክፉ ቀን፦ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ካርባይን አመራረጥ

ካርባይን አጭርና ቀላል ጠመንጃ ነው። እዚህ የምናነሣው ዓይነት የሚጎርሰው የሽጉጥ ጥይት ነው፤ በአብዛኛው 9 ሚሊ ሜትር፣ አለዚያም 45 ኤሲፒ፣ 10 ሚሊ ሜትር ወይም 357 ማግነም። አሜሪካ ውስጥ ለአውሎ ነፋስ፣ ለሰነባበተ የመብራት መጥፋት ወይም ፖሊስ ቶሎ ለማይደርስበት ገጠር ብሎ የሚዘጋጅ ሰው ይህን መሣሪያ ማሰቡ አይቀርም። ብዙዎች ግን የሚገዙት አጭርና ቆንጆ ስለሆነ ወይም ፊልም ላይ ስላዩት ነው።

መግዛቱ የሚያዋጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቤት ካለው ሽጉጥ ጋር ጥይትና ካዝና (ጥይት የሚደረደርበትን ማቀፊያ) ይጋራል። ሁለተኛ፣ ሰደፉ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ፣ በሽጉጥ ማነጣጠር ያቃተው ሰው እንኳ ትንሽ ከተለማመደ በ50 ያርድ ኢላማውን ያገኝበታል። ሽጉጥ ከሌለዎትና ለመግዛትም ካላሰቡ የመጀመሪያው ምክንያት ወደቀ ማለት ነው። ያኔ 223 የተባለውን የጠመንጃ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ወይም ሾትገን ቢያዩ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የውሃው ጉዳይ አለ። ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን፣ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ውሃ፣ ምግብና መድኃኒት ቤት ውስጥ ከሌለ የጠመንጃው ገንዘብ ወደዚያ ይሂድ።

1. መግዛት ይፈቀድልዎት እንደሆነ ያረጋግጡ

እዚህ ያለው ሁሉ የአሜሪካን ሕግና ገበያ የሚመለከት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ሌላ ጉዳይ ነው።

ፈቃድ ካለው ሻጭ ጠመንጃ ለመግዛት በፌደራል ሕግ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ለሽጉጥ 21። አንዳንድ ስቴቶች ዕድሜውን ከፍ ያደርጉታል። ፎርም 4473 የተባለውን የፌደራል የግዢ ቅጽ ሞልተው የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ ያልፋሉ። አበሻ ገዢ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነጥቦች ፎርሙ ላይ አሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ ነገር ግን የዜግነት ጥያቄው ላይ በስህተትም ቢሆን «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለውን ምልክት ማድረግ የኢሚግሬሽን ጉዳይን እስከማበላሸት ይደርሳል። በተማሪ፣ በቱሪስት ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ወይም በጊዜያዊ ጥበቃ ያለ ሰው ጠበቃ ሳያነጋግር ሱቅ ባይገባ ይሻለዋል። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም የተከለከለ ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ጫት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ የተከለከለ ንጥረ ነገር ነው። ፎርሙ የተከለከለ ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ ሲጠይቅ «ጫት እኮ ባህል ነው» የሚል መልስ አይሠራም። ማሪዋናም ስቴቱ ቢፈቅደው እንኳ ፎርሙ ላይ ያው ጥያቄ ነው።

ከዚያ ርዝመቱ። በርሜሉ ከ16 ኢንች ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ ናሽናል ፋየርአርምስ አክት በተባለው የ1934 ሕግ ሥር ይወድቃል፤ ያለ ኤቲኤፍ (የፌደራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ምዝገባ መያዙ ከባድ ወንጀል ነው። ስቴቶች ደግሞ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ሜሪላንድ ከ29 ኢንች ያጠረ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን ትከለክላለች። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ወሰናቸው 30 ኢንች ነው፤ ሌሎች ገደቦችም አሏቸው። ኮሎራዶ ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና አይሸጥባትም። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሰው መሣሪያውን ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ አለበት። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር በሚገዙበት ሳምንት የስቴትዎን ድረ ገጽ አይተው ይሂዱ፤ የሱቁ ሠራተኛ «ችግር የለውም» ስላለ ብቻ አይተማመኑ።

2. ጥይቱን ይምረጡ

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኮልት የ1873ቱ ዊንቸስተር ጠመንጃ የሚጎርሰውን 44-40 ጥይት ለሽጉጡ ሲወስድ ምክንያቱ ይኸው ነበር፤ አንድ ዝናር ለሁለቱም። በእኛም በኩል በጣሊያን ወረራ ጊዜ ችግሩ የጠመንጃ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ምንሽሩ፣ ሞዘሩ፣ ውጅግራው እያንዳንዱ የየራሱን ጥይት ይጠይቅ ነበር።

ለአብዛኛው ሰው መልሱ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ርካሽ ነው፣ ርግጫው ቀላል ነው፣ የትም ይሸጣል። ረጅም በርሜል ብዙ ኃይል ይጨምርለታል ብለው ግን አይጠብቁ። የሽጉጥ ባሩድ ፈጥኖ ስለሚነድ ከ10 እስከ 12 ኢንች ካለፈ በኋላ ጭማሪው ትንሽ ነው። ከሽጉጥ በሴኮንድ 350 ሜትር አካባቢ የሚወጣ 115 ግሬን (7.5 ግራም ገደማ) አረር ከ16 ኢንች በርሜል ወደ 400 ሜትር ቢደርስ ነው። 45 ኤሲፒ ከዚህም ያነሰ ነው የሚያተርፈው፤ ሽጉጥዎ እሱን የሚጎርስ ካልሆነ አይድከሙበት።

357 ማግነም ለየት ይላል። 158 ግሬኑ አረር ከአጭር ሽጉጥ በሴኮንድ 380 ሜትር ገደማ የሚወጣ ሲሆን፣ ከካርባይን 530 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ጉልበቱ ከ9 ሚሊ ሜትሩ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ሕጉ በሚፈቅድበት ስቴት በቅርብ ርቀት አጋዘን ለማደን ይበቃል፣ 9 ሚሊ ሜትር ግን አይበቃም። ጠመንጃው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ማንሻ የሚያቀባብል፣ እንደ ማርሊን 1894፣ ሄንሪ ቢግ ቦይ ወይም ሮሲ 92 ያለ ነው። ካዝና አውጥቶ የሚያስገባ ስላልሆነ ጥብቅ ሕግ ባለባቸው ስቴቶች እንኳ በቀላሉ ይገዛል። ሜሪላንድ ወይም ካሊፎርኒያ ለሚኖር፣ ሪቮልቨር (ጥይቱን በሚሽከረከር ጎተራ የሚይዝ ሽጉጥ) ላለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሦስት ነገር ግን ይጠንቀቁበት። ጥይቶቹ ቱቦው ውስጥ ኋላና ፊት ተሰልፈው ስለሚተኙ ሹል ጫፍ ያለው ጠንካራ አረር የፊተኛውን ቀለህ ማቀጣጠያ ሊመታው ይችላል፤ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ብቻ ይጠቀሙ። ርካሹን 38 ስፔሻል ሲተኩሱ የቀለሁ ማጠር በጥይት ማረፊያው ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል፤ ሳይጸዳ 357 ቢያጎርሱበት ይነክሳል። እንዲሁም በጣም ደካማ የ38 ጥይት በረጅሙ በርሜል ውስጥ ቆሞ ሊቀር ይችላል። ድምፁ እንደ ወትሮው ካልሆነ ያቁሙ፤ መሣሪያውን ባዶ አድርገው በርሜሉ ክፍት መሆኑን ይዩ። በላዩ ሌላ ጥይት ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል።

3. ካዝናውን ከጠመንጃው በፊት ይምረጡ

ገዢዎች የሚገለብጡት ቅደም ተከተል ይህ ነው። ጠመንጃውን ወድደው ይገዙና ካዝናው ከሽጉጣቸው ጋር አልገጥም ይላል። ሽጉጥዎ ግሎክ 17 ወይም 19 ከሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። ሩገር ፒሲ ካርባይን የሩገርና የግሎክ ካዝና መቀበያ ተቀያይሮለት ይሠራል፤ ከመሃሉ ለሁለት ይፈታል፣ 6.8 ፓውንድ ይመዝናል። ኬል ቴክ ሰብ 2000 4.25 ፓውንድ ገደማ ብቻ ሆኖ ለሁለት ይታጠፋል፤ ለግሎክ፣ ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ ለቤሬታ 92 የሚሆኑ ሞዴሎች ወጥተውለታል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤፍፒሲ የኩባንያውን የኤምኤንድፒ ሽጉጥ ካዝና ይቀበላል፤ 5 ፓውንድ ነው፣ ወደ ጎን ታጥፎ 16.4 ኢንች ገደማ ይሆናል።

ቢያንስ አምስት ካዝና ያስፈልግዎታል፤ የሽጉጡ አምራች የሠራውን ብቻ። ርካሽና ረጃጅም የሌላ አምራች ካዝናዎች የጥይት መታነቅ ዋና ምንጭ ናቸው። እያንዳንዱ ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፉ። 3 ቁጥር ሁለት ጊዜ ካነቀ ጠመንጃውን ትተው 3 ቁጥርን ይጣሉ።

4. የውስጥ አሠራሩን ይዩ

ርካሾቹ ሁሉ ማለት ይቻላል «ብሎውባክ» ናቸው። ቦልቱን፣ ማለትም የጥይት ማረፊያውን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ የሚቆልፈው ነገር የለም፤ ጋዙ ቀለሁን ወደ ኋላ ሲገፋ የሚያዘገየው የቦልቱ ክብደትና የጸደይ ሽቦው ብቻ ነው። ስለዚህ ቦልቱ ከባድ መሆን ግድ ነው፤ በኤአር (ኤአር-15 በተባለው የታወቀ ጠመንጃ) መልክ በተሠሩት ላይ ቦልቱና ከኋላው ያለው ክብደት አንድ ላይ 600 ግራም አካባቢ ይመጣል። ያ ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ሲሮጥ ትከሻ ላይ ይመታል፤ «ይህች ትንሽ ጥይት ምን ነካት?» የሚያሰኘው እሱ ነው። ርግጫውን ለመቀነስ ብለው ክብደቱን የሚያቀሉ አሉ። አያድርጉት፤ ቀለሁ ግፊቱ ሳይወርድ ከማረፊያው ይወጣና ይቀደዳል፤ ጋዙ የሚመጣው ፊትዎ ላይ ነው። ሩገር ቦልቱ ውስጥ ተንሸራታች የተንግስተን ክብደት በማስገባት ነው ችግሩን ያለዘበው።

ሲግ ኤምፒኤክስ በጋዝ ፒስተን፣ ሲኤምኤምጂ በሚሽከረከር ቦልት፣ ኤችኬ በሮለር ይሠራሉ። ሁሉም ይለዝባሉ፣ ሁሉም ይወደዳሉ። ለክፉ ቀን ተብሎ ለሚቀመጥ መሣሪያ ያንን ልዩነት መክፈል አያስፈልግም፤ ገንዘቡ ጥይትና ሥልጠና ይግዛበት።

5. ሱቅ ውስጥ

ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጠው ትከሻዎ ላይ ያድርጉት። ዓይንዎን ጨፍነው ያነሡትና ሲገልጡ ማነጣጠሪያው ፊትዎ መጥቶ ከሆነ ልክዎ ነው። ማቀባበያውን በቤት ውስጥ ከሁሉ አቅሙ ያነሰው ተኳሽ ይሳበው፤ የብሎውባክ ጸደይ ጠንካራ ስለሆነ እዚህ ላይ የሚሸነፍ ሰው ብዙ ነው።

6. ይፈትኑት፣ ያስተካክሉት

ጆሮ መከላከያ ግድ ነው፤ ድምፁ ከሽጉጥ ቢለዝብም ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው። 200 የመለማመጃ ጥይትና ለመከላከያ ከሚያስቀምጡት ዓይነት 50 ጥይት፣ በሁሉም ካዝና እያፈራረቁ፣ ሳያጸዱ ይተኩሱ። ባለ 17 ካዝና ቦልቱ ተዘግቶ ሳለ ጢም ብሎ ከሞላ ላይገባ ይችላል፤ የገባ መስሎ በመጀመሪያው ተኩስ ይወድቃል። 16 ያድርጉት፣ ከገባ በኋላም ወደ ታች ሳብ አድርገው ይፈትሹ።

ማነጣጠሪያውን በ50 ያርድ ያስተካክሉ። 9 ሚሊ ሜትሩ 100 ያርድ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በጣም ቅርብ ላይ የሚሆነው ነው ሰውን የሚያስገርመው፦ እንደ ኤአር ከፍ ብሎ የተገጠመ ቀይ ነጥብ (መስታወቱ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ከበርሜሉ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል በላይ ስለሆነ፣ በ5 ያርድ የተተኮሰው ጥይት ነጥቡ ካረፈበት 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይመታል። ወረቀት ላይ በ5፣ በ10 እና በ25 ያርድ ተኩሰው ልዩነቱን ይዩት።

ለመከላከያ 147 ግሬን አናቱ ክፍት የሆነ አረር ጥሩ መነሻ ነው። ቀለል ያለው ከረጅም በርሜል ፈጥኖ ሲወጣ ከታሰበለት በላይ ተከፍቶ ሳይዘልቅ ሊቀር ይችላል። የሽጉጥ ጥይት ስለሆነ ግድግዳ አያልፍም የሚለውን ግን ይርሱት። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ጂፕሰም ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር በርካታውን በስቶ ልጆች የተኙበት ክፍል ይደርሳል። የትኛው አቅጣጫ ማንም እንደማይተኛበት ዛሬውኑ ይወቁ።

7. ማስቀመጥ

500 የመለማመጃና 150 የመከላከያ ጥይት ለአንድ ቤት በቂ መነሻ ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በ2020 ከመደርደሪያ ቀድሞ ያለቀው 9 ሚሊ ሜትር ስለነበር የሰው ሁሉ ምርጫ መሆኑ ጉዳትም አለው፤ በየወሩ አንድ ሁለት ካርቶን መጨመር ይሻላል። ክዳኑ ጎማ ባለው የብረት ሳጥን፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረው፣ ሙቀት ከማይፈራረቅበት ቦታ ያኑሩት። የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥም ጋራዥም አይሁን።

መሣሪያው በተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ልጅ ከማያገኘው ቦታ። በቤቱ ውስጥ ተስፋ የቆረጠ ወይም ራሱን ሊጎዳ ይችላል የሚባል ሰው ካለ መሣሪያው ለጊዜው ከቤት ይውጣ፤ ራሳቸውን ለመጉዳት ለሚያስቡ ሰዎች የተዘጋጀው የአሜሪካ የስልክ መስመር 988 ደግሞ ቀንም ሌትም ይሠራል።

ብሎውባክ ቶሎ ይቆሽሻል። በየ300 ጥይቱ ቦልቱን፣ የቀለህ ማውጫውን ጥፍርና በርሜሉን ያጽዱ፤ ዘይቱ ስስ ይሁን፣ የበዛ ዘይት ጥላሸቱን ወደ ጭቃ ይለውጠዋል። ተፈቺው ሩገር ላይ የበርሜሉ ማጥበቂያ ቀለበት ከጊዜ በኋላ ስለሚላላ ሲገጥሙት የሚወዛወዝ ከሆነ መልሰው ያጥብቁት። የቀይ ነጥቡን ባትሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032፣ ሞተም አልሞተ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ ትርፉን ከማንገቻው ጋር ያስቀምጡት።