መጀመሪያ ስማችሁን አስታርቁ፦ ለሥራና ለቤተሰብ ቪዛ ሰነድ ስለማዘጋጀት

ቢሮዬ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀድሞ ፒያሳ ነበርኩ፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ጠረጴዛዬን፣ ማኅተሜንና የብረት ቁም ሣጥኔን አስጭኜ ወደ ታች ወረድኩ። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የትምህርት ማስረጃ ወደ እንግሊዝኛና ወደ ጀርመንኛ እመልሳለሁ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ታናሽ እህቴ ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ጀርመን አገር በነርስነት ወደሚሠራው ባሏ ስትሄድ ደጅ የጠናሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አራስ ነበረች። ስለዚህ ነገሩን ጠረጴዛ ይዤም፣ መስኮት ላይ ተሰልፌም አውቀዋለሁ።

ሰው ወደ እኔ የሚመጣው የኤምባሲ ቀጠሮው ሲደርስ ነው። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ እባክሽ ድረሽልኝ» ይለኛል። ወረቀቱን ዘርግቼ ሳየው የእናቱ ስም በሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ዓይነት ነው። ይህን በአንድ ሌሊት ማንም አያስተካክለውም። አንጀቴን የሚበላኝም ከወራት በፊት ቢመጣ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ መሆኑ ነው። የቪዛ ሥራ የሚጀመረው ወረዳ መስኮት ላይ ነው፤ ቀጠሮው የመጨረሻው ነው።

ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ። ያላችሁን ሰነድ ሁሉ፣ የልጆቹንም ጨምሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። አንድ ሉክ ወረቀት አስምሩና በግራ በኩል የሰነዶቹን ዓይነት፣ ከላይ ደግሞ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የትውልድ ቦታ ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱን በላቲን ፊደል፣ ፊደል በፊደል ገልብጡ። በዓይን አንብቦ ማለፍ አይበቃም፤ ዓይን የለመደውን ስም ያርመዋል፣ እጅ ግን ያለውን ይጽፋል።

የእህቴ ባል የአባቱ ስም ተስፋዬ ነው። በፓስፖርቱ ላይ መጨረሻው ላይ «ኢ» የምትባለው የላቲን ፊደል አለች፤ በጋብቻ የምስክር ወረቀቱ ላይ የለችም። በአማርኛው ሁለቱም ተስፋዬ ናቸው፤ በውጭ አገር መዝገብ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህቺ አንዲት ፊደል አምስት ወር በላችብን። በተመሳሳይ ካሳ አንዴ በአንድ «ኤስ» አንዴ በሁለት ይጻፋል፤ ፀሐይ በ«አይ» ወይም በ«ዋይ» ትጨርሳለች። እርማት ስታስደርጉ ሌላውን ሰነድ ወደ ፓስፖርቱ አምጡት፤ የሥራ ውሉም፣ ትኬቱም፣ ቪዛው ራሱም የሚከተለው ፓስፖርቱን ነውና። ልዩነቱ ከፊደል ካለፈ፣ ማለትም በቤት የምትጠሩበት ስም በአንዱ፣ የትምህርት ቤት ስም በሌላው ላይ ካለ፣ ነገሩ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊጠይቅ ይችላልና ቶሎ ጀምሩ።

ቀን ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ሰው የልደት ዓመቱን ወደ አውሮፓውያን ሲመልስ ሰባት ይደምርና ይጨርሳል። ሰባት የሚሠራው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። ኅዳር 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1992 ነው። በዚያው ዓመት ጥር 10 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1993 ይሆናል። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ከመስከረም እስከ የካቲት አጋማሽ አልፎ ሒሳቡ በአንድ ቀን ይገፋል፤ 1984 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። የዚያን ዓመት ጥር 1 በተለመደው ስሌት ጃንዋሪ 9 የሚል ሰው በአንድ ቀን ተሳስቷል፤ ትክክሉ ጃንዋሪ 10 ነው። እኔ እያንዳንዱን ቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በወረቀት አንዴ በኮምፒውተር አሰላለሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ ከተርጓሚም ስትቀበሉ ሳታመሳክሩ አትሂዱ።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን የሚያስብበት ሰው ጥቂት ነውና። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ልጁም የአባቱን ስም አስከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ የውጭው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» በሚልበት ቦታ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስት የተለያየ ስም ይዘው ይቀርባሉ። ፋይሉን የሚመረምረው ሰው አዲስ አበባን ላያውቃት ይችላል። ለእህቴ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጽፌ ከፋይሉ ፊት አስቀመጥኩ፦ በኢትዮጵያ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም እንደሚጠራ፣ ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትለውጥ፣ ከዚያም የአራቱን ሰዎች ስም በዝምድና መስመር እያገናኘሁ ሠራሁላት። ለማንም ቤተሰብ ይህን ሳልጽፍ አልለቅም።

የመሀል ከተማ ሰዎች ሌላ ችግር አለባችሁ። ፒያሳም ካዛንቺስም የነበራችሁ ብዙዎቻችሁ ተነሥታችኋል። የነዋሪነት ፋይላችሁ በመሸኛ ወደ አዲሱ ወረዳ መድረሱን ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ «ይደርሳል» የሚል መልስ ይዛችሁ አትመለሱ። ፋይሉ ባልተገኘበት የልደትም ሆነ ያላገባ ማስረጃ መውጫ የለውም።

ጋብቻችሁ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ ከሆነ ሕጋዊ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሃይማኖቱንም የባህሉንም ያውቃል። ኤምባሲው የሚፈልገው ግን በክብር መዝገብ የተመዘገበውን ነው። የቃል ኪዳን ወረቀቱን በክር አስጠርዘው ይዘው የሚመጡ አሉ፤ እሱን ለማስረጃነት ያዙት፣ ምዝገባውን ደግሞ ፈጽሙ። አንዱ ወገን ውጭ አገር ሆኖ በውክልና ለመጋባት ያሰባችሁም ተጠንቀቁ፤ ሕጉ ጋብቻ በእንደራሴ እንዳይፈጸም ከልክሎ በልዩ ፈቃድ ብቻ ነው የሚያልፈው።

የማኅተሙ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የወረዳው ሰነድ ከወጣ በኋላ እንደ ዓይነቱ ወደሚያረጋግጠው አካል ይሄዳል፣ ውክልናና ስምምነት ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጋ ይፈጸማል፣ የትምህርት ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፣ በመጨረሻ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያጸድቃል። ዋናው ሰነድ ላይ የሚያርፈው ማኅተም ሁሉ ሳያርፍ አታስተርጉሙ። ካስተረጎማችሁ በኋላ የተመታ ማኅተም በትርጉሙ ውስጥ አይኖርም፣ ሁለተኛ ትከፍላላችሁ።

ለሥራ የምትሄዱ፣ ከሰነድ ሁሉ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ዲግሪው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ዋናውን ዲግሪ አያገኝም፤ በጊዜያዊው ብቻ ለዓመታት የሠራ ሰው ይህን የሚያስታውሰው የውጭ ቀጣሪ ሲጠይቀው ነው። ቀጥሎ የሥራ ልምድ ደብዳቤው። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ሁሉ አንድ ነው፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አገልግለዋል፣ ይህ ማስረጃ በጠየቁት መሠረት ተሰጥቷቸዋል። ለካናዳ ይህ አይበቃም። የሥራ መደቡ፣ ዝርዝር ተግባሩ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም መጻፍ አለበት። የሰው ኃይል ክፍሉ «እንዲህ ጽፈን አናውቅም» ቢላችሁ አትቆጡ፤ ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ አቅርቡላቸው። ብዙ ጊዜ አይተው ይፈርማሉ።

ጀርመን ለሚያስቡ፦ ዲግሪ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ሰማያዊ ካርድ ይባላል፤ የእ.ኤ.አ. 2026 ዓመታዊ የደመወዝ ወለሉ 50,700 ዩሮ ነው፤ ሠራተኛ ለጠፋባቸው ሙያዎች ዝቅ ይላል። ዩኒቨርሲቲያችሁ፣ የውጭ አገር ትምህርት ዕውቅናን በሚያሳየው፣ አናቢን በሚባለው የጀርመን የመረጃ ቋት ውስጥ እንዴት እንደተመዘገበ ከሁሉ በፊት ተመልከቱ። ሥራ ሳይዙ ፈልጎ ለማግኘት የሚያስገባው የዕድል ካርድ ከጁን 2024 ጀምሮ አለ፤ ለቋንቋ፣ ለሥራ ልምድና ለመሳሰለው በሚሰጠው ነጥብ ከሄዳችሁ ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋል። የረጅም ጊዜ ቪዛ ክፍያው ለአዋቂ 75፣ ለልጅ 37.50 ዩሮ ነው።

እህቴ ባመለከተችበት ጊዜ የጀርመንኛ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ግዴታዋ ነበር። ስድስት ኪሎ ጎተ ኢንስቲትዩት ተመዘገበች፤ ሕፃኑን እኔ ይዤ ግቢው ውስጥ እጠብቃት ነበር። ከመቶ 60 ያመጣ ያልፋል። ለሰማያዊ ካርድ ያዥ የትዳር ጓደኛ አይጠየቅም፤ ቢሆንም ተማሩት እላለሁ። እህቴ እዚያ በደረሰች በሦስተኛው ሳምንት ልጇ ታሞ ከሐኪም ጋር የተግባባችው በዚያች ትንሽ ጀርመንኛ ነው።

ስለ እንግሊዝ አጭር ልበል፤ በጣም ተለውጧልና የድሮ ወሬ ይዛችሁ ገንዘብ እንዳትከስሩ። በእንክብካቤ ሠራተኝነት የሚሄድ ሰው ከማርች 11 ቀን 2024 ወዲህ ቤተሰቡን ማስከተል አይችልም፤ ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ለዚያ ሥራ ከውጭ አገር አዲስ ቅጥር ተዘግቷል። እዚያ ያለ ሰው የትዳር ጓደኛውን ለማምጣት በዓመት 29,000 ፓውንድ ገቢ ማሳየት ይጠበቅበታል። «የስፖንሰርሺፕ ወረቀት እሸጣለሁ» የሚላችሁ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ፈቃድ ያላቸውን ቀጣሪዎች ዝርዝር የእንግሊዝ መንግሥት በነፃ ያወጣዋል፣ ተመልከቱት። ሐሰተኛ ሰነድ የተገኘበት ሰው በእንግሊዝ እስከ አሥር፣ በካናዳ አምስት ዓመት ይታገዳል። ወደ ዓረብ አገር በኤጀንሲ የምትሄዱም በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ ክፍያ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው እንጂ የእናንተ እንዳልሆነ እወቁ።

ሰነዶችን ስታወጡ የዕድሜያቸውን ነገር አስቡ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የእህቴን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ከሁሉ ቀድሜ አወጣሁ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ጊዜው አልፎበት ሌላ ማውጣት ግድ ሆነ። ልደት፣ ጋብቻና ዲግሪ አይበላሹም፣ እነሱን አስቀድሙ። አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ሁለት ዓመት ይቆያል። ለእንግሊዝ የሚጠየቀው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀት ስድስት ወር ብቻ ነው። የፖሊስና የሕክምና ወረቀት የመጨረሻዎቹ ይሁኑ።

የቤተሰብ ቪዛ ላይ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ማሳየትም አለ። በቅርቡ አንዲት ወጣት ሁለት መቶ ገደማ ፎቶ ያለበት የሠርግ አልበም ይዛ መጣች። አብረን ቁጭ ብለን አሥራ አራት መረጥን፦ ሽማግሌዎቹ ሲላኩ፣ የቀለበቱ፣ አማትዋ ግንባሯን ሲስሟት፣ የመልሱ፣ ከዚያ ባሏ ለዕረፍት በመጣባቸው ሁለት ዓመታት የተነሡት። እያንዳንዱ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፈች። ሁሉም የሙሽራ ልብስ ያለበት ፎቶ ቢሆን የሚናገረው የአንድ ቀን ታሪክ ነው። ከዚህ ጋር የሐዋላ ደረሰኝ፣ የስልክና የመልእክት ታሪክ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይያያዝ።

ልጅ ይዞ የሚሄድ አንድ ወላጅ ብቻ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ ስምምነት በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። የልጁ አባት ወይም እናት በሕይወት ከሌሉ የሞት የምስክር ወረቀት፣ ከተፋቱ ደግሞ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር የሚገልጸው የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። እህቴ ጋ ይህ ባይገጥመንም በቢሮዬ ካየኋቸው ጉዳዮች ውስጥ እንደዚህ እናቶችን ያስለቀሰ የለም፤ የጠፋን አባት ፈልጎ ማስፈረም ከባድ ነውና አስቀድማችሁ አስቡበት።

ቪዛው ከተመታ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል፤ ውክልና። ቤት ያለው፣ የባንክ ሒሳብ ያለው፣ ያልተዘጋ ጉዳይ ያለው ሰው ከመሄዱ በፊት ለሚያምነው ሰው ውክልና ይስጥ፤ ምን ምን እንዲያደርግለት እንደሚወክለውም በዝርዝር ያስጽፍ። እህቴ በጥድፊያ ረሳችው። ከዚያ ሆና ስትልከው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ተፈርሞ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ጸድቆ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ እስኪመዘገብ ድረስ ቤቷ ሳይከራይ ስድስት ወር ተዘግቶ ቆየ። ከመሄዷ በፊት ቢሆን የአንድ ቀን ጉዳይ ነበር።